1000 ከተሻለ ለምን 250 አደረጉት?

ስለ ሊኑክስ ከርነል የመጣ ጥያቄ ነው። ከርነል ፕሮሰሰሩንና ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ እምብርት ነው፤ ኮምፓይል ማድረግ ከምንጭ ኮዱ መሥራት፣ ሜኑኮንፊግ ደግሞ ከዚያ በፊት ምርጫዎቹ የሚደረጉበት ሜኑ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የድምፅ ቀረጻ ክፍል አለችኝ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የማስታወቂያ ድምፅ እቀዳለሁ። ላፕቶፔ ባለ 4 ኮር፣ 8 ጊጋ ራም ነው፤ ዴቢያን 12 ጭኜበታለሁ። ስቀዳ አልፎ አልፎ ‹ቋ› የሚል ድምፅ ይገባብኛል። አንድ ቪዲዮ ላይ ከርነሉን በ1000 ሄርዝ ኮምፓይል ካደረግሽው ይጠፋል ሲሉ ሰማሁ። ሜኑኮንፊግ ከፍቼ ሳይ የታይመር ፍሪኩዌንሲው 250 ላይ ነው። 1000 ከተሻለ ለምን 250 አድርገው ይለቁታል? ልቀይረው? መብራቱን ደግሞ ያውቁታል። ሌሊቱን ሙሉ ኮምፓይል አድርጌ እንዳላለቅስ።»

ለ«ቋ»ው ብለሽ ከሆነ አትቀይሪው። ሌሊትሽን ትጨርሻለሽ፣ ድምፁ ጠዋት እዚያው ይጠብቅሻል። ቁጥሩን መጠራጠርሽ ግን ልክ ነው። የከርነል ሠሪዎቹ ራሳቸው ከሃያ ዓመት በላይ የተጨቃጨቁበት ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ላውራሽ፤ ወደ ማይክሽ ኋላ እንመለሳለን።

250 የፍጥነት ቁጥር አይደለም። ቪዲዮው ያሳሳተሽ እዚህ ላይ ነው። ታይመሩ በሰከንድ 250 ጊዜ የፕሮሰሰሩን ትከሻ ነካ ያደርጋል ማለት ነው። በተነካ ቁጥር ከርነሉ የያዘውን ለአፍታ ትቶ ዙሪያውን ያያል። ሰዓቱን ያስተካክላል። አሁን እየሠራ ያለው ፕሮግራም ድርሻውን ጨርሶ እንደሆነ ያጣራል። ቀጠሮው የደረሰ ነገር ካለ ያስነሳል። ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይቺ ነካ ማድረግ ቲክ ትባላለች። በ100 ሄርዝ በየ10 ሚሊሰከንዱ፣ በ250 በየ4፣ በ1000 ደግሞ በየ1 ሚሊሰከንዱ ትመጣለች።

የጅማ ልጅ ስለሆንሽ በቡና ላስረዳሽ። የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና የሚጠብቅ ሰው አስቢ። በየ10 ደቂቃው ይነሳና ሰማዩን ያያል። ደመና ካለ ሸራውን ያዘጋጃል፣ ከሌለ ቡናውን አገላብጦ ይቀመጣል። በየደቂቃው ተነስ ብትይው ቡናው ቶሎ ይደርቃል? አይደርቅም። ደመናውን ትንሽ ቀደም ብሎ ያያል፣ ሰውዬው ግን ይደክማል። አሁን ደግሞ የመጀመሪያዋ ጠብታ ፊቱ ላይ አረፈች እንበል። «ተራዬ እስኪደርስ» ብሎ ይቀመጣል? ሸራውን ይዞ ይሮጣል እንጂ። ያቺ ጠብታ ኢንተረፕት ናት። የአንቺ ማይክ የሚሠራው በጠብታዋ ነው። የድምፅ መረጃው ሲሞላ ሃርድዌሩ ራሱ ፕሮሰሰሩን ይጠራዋል፤ የቲክን ተራ አይጠብቅም።

እና 250 ከየት መጣ? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው።) መጀመሪያ ላይ በተራው የኢንቴል ማሽን ላይ ቁጥሩ 100 ነበር፤ ሜኑ ላይ የሚመረጥም አልነበረም። በ2003 መጨረሻ የከርነሉ 2.6 እትም ሲወጣ 1000 ሆነ። ለዴስክቶፕ ደስ ይል ነበር። ላፕቶፕ ላይ ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ምንም ሥራ የሌለው ፕሮሰሰር እንኳ በሰከንድ 1000 ጊዜ ይቀሰቀስ ነበር። እንቅልፍ የለ፣ ባትሪ ያልቃል። የሰርቨር ሰዎችም «ለእኛ 100 ይበቃናል፣ ምን አስጨነቃችሁን» አሉ። በ2005 የወጣው 2.6.13 ነገሩን ሜኑ ውስጥ አስገባው፦ 100፣ 250፣ 1000። ዲፎልቱ (ማንም ካልነካው የሚሆነው) 250 ሆነ። ለማንም የሚበጅ ምርጥ ቁጥር ስለሆነ አይደለም። ሽምግልና ነው። ሁለቱም ወገን እያጉረመረመ የተቀበለው ቁጥር ነው።

ሜኑው ላይ 300 የሚባልም አይተሻል። እሱ ኋላ የተጨመረ ነው፤ ለቪዲዮ ሰዎች። እንደ እኛ አገር ያለው ቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ምስል፣ የአሜሪካው ወደ 30 ያሳያል። 300 ለሁለቱም እኩል ይካፈላል። 250 ለ25 ይካፈላል፣ ለ30 ግን ይተርፈዋል። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ጎረቤት ካለሽ እንዳትነግሪው፤ ዛሬ ለእሱም የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ለምን የለም? በ2007 የወጣው 2.6.21 በአንድ እትም ሁለት ነገር ስላመጣ ነው። አንደኛው ከቲክ ነፃ የሆነ ትክክለኛ ታይመር ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፕሮግራም «1 ሚሊሰከንድ ልተኛና ቀስቅሱኝ» ቢል፣ በ100 ሄርዝ 10 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ይተኛ ነበር፤ ቲክ ካልመጣ ቀስቃሽ የለማ። አዲሱ ታይመር ግን ሃርድዌሩን ልክ በሰዓቱ አስነሳኝ ይለዋል። ሁለተኛው፣ ሥራ የፈታ ኮር ላይ ቲኩ ጭራሽ እንዲቆም መደረጉ ነው። አልጋው ባዶ ከሆነ ጠባቂው ይተኛል። ይሄ መጀመሪያ በ32 ቢት ማሽኖች ላይ ሆነ፤ 64 ቢቶቹ ከዓመት በታች ቆይተው ተከተሉ።

ልብ በዪ፤ የመጀመሪያው 1000 የሚፈለግበትን ዋና ምክንያት ወሰደ። ሁለተኛው ደግሞ 1000 የሚፈራበትን ዋና ምክንያት ወሰደ። ጠቡ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ያስቀመጡት 250 ብቻውን ተቀምጦ ቀረ። አንቺ ሜኑኮንፊግ ላይ ያገኘሽው እሱን ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ዲፎልቱ ወደ 1000 ይቀየር የሚል ሐሳብ እንደገና ቀርቦ ነበር፤ ጨዋታው አላለቀም።

ዛሬ ጨርሶ ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ማሽኑ ሲጨናነቅ ልዩነቱ ይታያል። አንድ ኮር ላይ ብዙ ሆዳም ፕሮግራሞች ተፋጠው ተቀመጡ እንበል። በአንቺ ዴቢያን 6.1 ከርነል፣ በባለ 4 ኮር ማሽን፣ አንዱ ፕሮግራም ቢያንስ የሚያገኘው ድርሻ 2.25 ሚሊሰከንድ ነው። ድርሻው ማለቁን የሚያየው ግን ቲኩ ነው። ቲኩ በየ4 ሚሊሰከንዱ ከሆነ 2.25 የተባለው ወደ 4 ይጠጋል። በ1000 ሄርዝ ወደ 3 ይወርዳል። ከጀርባ ከባድ ነገር እየሠራ አይጥሽን (ማውሱን) የምታንቀሳቅሺ ከሆነ ይቺ ትንሽ ነገር ልትሰማሽ ትችላለች። ዋጋውም ብዙ አይደለም። አንዱ ቲክ 2 ማይክሮሰከንድ ቢፈጅ፣ 1000ው ተደምሮ በሰከንድ 2 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከመቶ 0.2። ስለዚህ ከ1000 ጋር ጠብ የለኝም። እኔ ራሴ ዴስክቶፔ ላይ 1000 ነው የማስኬደው። ለአንቺ ችግር መድኃኒቱ እሱ አለመሆኑን ነው የምለው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንብሻል።

አንድ ወግ ካወራሁሽ አይቀር። ከርነሉ ቲኮቹን ጂፊስ በሚባል ቆጣሪ ይቆጥራል። በ32 ቢት ማሽን፣ በ1000 ሄርዝ፣ ቆጣሪው 49.7 ቀን ላይ ሞልቶ ወደ ዜሮ ይዞራል። በ100 ከሆነ 497 ቀን ይፈጅበታል። መዞሩን ያላሰበ ድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያናግረው ፕሮግራም) ያኔ ይሳሳታል። ማሽን ከፍቶ ሃምሳ ቀን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ፕሮግራመር ደግሞ ከየት ይመጣል? መላ ዘየዱ። ቆጣሪው ከዜሮ አይጀምርም፤ ሊሞላ 5 ደቂቃ ሲቀረው ካለው ቁጥር ይጀምራል። እንግዲህ ማሽኑ በተከፈተ በ5ኛው ደቂቃ ይዞራል፤ ስህተት ካለ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ ይጋለጣል። እንዲህ ያለ ተንኮል ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ «ቋ»ው።

መጀመሪያ ድምፁን ለዪው። «ቋ» ወይም «ጭ» ብሎ የሚቆረጥ ነው ወይስ ከጀርባ «እምምም» የሚል? «እምምም» ከሆነ የመብራቱ 50 ሄርዝ ነው፤ ከአርዝ ጋር የተያያዘ ነው። ቻርጀሩን ንቀይና በባትሪ ቅጂ። ከጠፋ ኤሌክትሪሺያን ጥሪ፣ ከርነሉን ተዪው። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ማይክ እንደቀየረ ቤቱ ይቁጠረው።

የሚቆረጥ ከሆነ ይቺን አድርጊ። ዴቢያን 12 ከግኖም (ከዴስክቶፑ ገጽታ) ጋር ከሆነ ድምፅሽን የሚያስተዳድረው ፓይፕዋየር ነው። ተርሚናል ከፍተሽ «ፒደብልዩ-ቶፕ» አስኪጂ። (ትዕዛዞቹን በፊደላችን የምጽፈው ለንባብ እንዲመች ነው፤ አንቺ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፊው።) የሚመጣው ሰንጠረዥ ላይ «ኢአርአር» የሚል አምድ አለ። ማይክሽ ያለበትን መስመር ያዢና መቅዳት ጀምሪ። «ቋ» ባለ ቁጥር ያ ቁጥር አንድ ከጨመረ ኮምፒውተሩ በሰዓቱ አልደረሰም ማለት ነው፤ የሶፍትዌር ነገር ነው። «ቋ» እያለ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ገመዱን፣ የዩኤስቢ ቀዳዳውን፣ ማይኩን ራሱን ተጠራጠሪ። ማይኩ ከፍላሽና ከአይጥ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ ነቅለሽ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኪው። ይቺን ሳታረጋግጪ ሌላ ምንም አትንኪ።

ቁጥሩ ከጨመረ በፈርን፣ ማለትም ድምፁ በአንድ ጊዜ ተጠራቅሞ የሚወሰድበትን መጠን፣ ተመልከቺ። ድምፅ በሰከንድ 48000 ናሙና ሲቀዳ፣ በፈሩ 64 ከሆነ ኮምፒውተሩ ያለው ጊዜ 1.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። 256 ከሆነ 5.3፣ 1024 ከሆነ 21.3። ብዙ ሰው «ትንሽ በፈር የባለሙያ ነው» የሚል ነገር ይሰማና 64 ላይ ያደርገዋል። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ማስታወቂያ ስታነቢ የራስሽን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል እያለፈ በጆሮ ማዳመጫ ትሰሚያለሽ? ካልሰማሽ 21 ሚሊሰከንድ ዘገየ አልዘገየ ምን አገባሽ? የሚቀዳው ያው ነው። 1024 ላይ አድርጊውና ቅጂ። እኔን የሚጠይቁኝ ድምፅ ቀጂዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይገላገላሉ። ጊታር እየመታሽ በኮምፒውተር ኤፌክት የምትጨምሪበት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ያም ካልበቃ ቀጣዩ ቅድሚያ መስጠት ነው። ራስሽን «ኦዲዮ» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቢና፣ ወጥተሽ እንደገና ግቢ። ጃክ የሚባለውን የድምፅ ፓኬጅ ስትጭኚ ዴቢያን «ለድምፅ የሪያልታይም ቅድሚያ ልፍቀድ?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ አዎ በዪው። ከዚያ በኋላ የድምፅ ፕሮግራሙ ሲነቃ ሌላው ሁሉ መንገድ ይለቅለታል። እዚህ ላይ የቲክ ተራ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ የሚቀረው ከርነሉ ራሱ ሥራ ላይ ሳለ መንገድ የመልቀቁ ጉዳይ ነው። በትክክል ሜኑኮንፊግ ላይ ልትጠረጥሪው የሚገባሽ እሱን ነበር፤ ፕሪኤምፕሽን ይባላል። በአንቺ ከርነል ላይ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ከርነሉ የጀመረውን ሳይጨርስ አይለቅም። ሁለተኛው፣ ቮለንተሪ የሚባለው፣ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ቆም ብሎ «የሚቸኩል አለ?» ይላል። ሦስተኛው፣ ፉል፣ ቁልፍ ከያዘባቸው ቦታዎች በቀር በማንኛውም ጊዜ ይለቃል። ደስ የሚለው ነገር፣ በ2021 ከወጣው 5.12 ጀምሮ ሦስቱም በአንድ ከርነል ውስጥ ተጭነው ማሽኑ ሲነሳ መምረጥ ይቻላል። የአንቺ ዴቢያን እንደዚያ ተደርጎ የተሠራ ነው። «ዩኔም -ቪ» ብትይ «ፕሪኤምፕት ዳይናሚክ» የሚል ታያለሽ። ሲነሳ በሚጽፈው መልእክት ውስጥ ደግሞ የትኛው እንደተመረጠ ይናገራል፤ ያንቺ «ቮለንተሪ» ነው የሚለው። የግሩብ (ማሽኑ ሲከፈት ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ማስነሻ መስመር ላይ «ፕሪኤምፕት=ፉል» ጨምሪ፣ «አፕዴት-ግሩብ» በዪ፣ አጥፍተሽ አብሪ። አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ኮምፓይል የለበትም፣ ካልተስማማሽ መስመሩን ታጠፊዋለሽ።

ከዚህም አልፎ መሄድ ከፈለግሽ ዴቢያን የተዘጋጀ የሪያልታይም ከርነል በፓኬጅ ያቀርባል። ይሄ ሥራ ለረጅም ዓመታት ከዋናው ከርነል ውጪ እየተለጠፈ ኖሮ፣ በ2024 በ6.12 ላይ ነው ሙሉ በሙሉ የገባው። ለአንቺ ግን ትልቅ መኪና ነው፤ ለአንዲት ክፍል ማስታወቂያ አይከራዩትም።

ይሄን ሁሉ ብዬሽም «ጋሼ፣ እኔ ኮምፓይል ማድረግ መማር ነው የምፈልገው» ካልሽ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። በደስታ። የተጎዳሁባቸውን ብቻ ልንገርሽ።

ማዋቀሪያውን ከባዶ አትጀምሪ። ቡት ፎልደር ውስጥ ያለውን የአሁኑን ከርነል ኮንፊግ ፋይል ገልብጠሽ ተነሺ። የዴቢያን ኮንፊግ ግን የዴቢያንን የራሱን ሰርተፍኬት ፋይል ይፈልጋል፤ አንቺ ጋ ደግሞ የለም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይቆምብሻል። «ትረስትድ ኪስ» የሚለውን መስመር ባዶ አድርጊው። የዲበግ መረጃውንም አጥፊ፤ ካላጠፋሽው የሥራ ፎልደሩ በርካታ ጊጋባይት ይውጣል፣ ጊዜውም ይረዝማል። «ሎካልቨርዥን» ላይ የራስሽን ቅጥያ ስጪው፣ ከአሮጌው ጋር እንዳይደባለቅ። አሮጌውን ከርነል ደግሞ አታጥፊ፤ ግሩብ ሜኑ ላይ መውጫሽ እሱ ነው።

«ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» የሚባል ትዕዛዝ አለ። አሁን ማሽኑ ላይ የተጫኑትን ሞጁሎች (የከርነሉን ተነቃይ ክፍሎች) ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ያወጣል። የሰዓታት ሥራን በጣም ያሳጥራል። እንዳትረሺ፤ ስታስኬጂው ማይኩ፣ ፍላሹ፣ ፕሪንተሩ፣ የምትጠቀሚበት ሁሉ ተሰክቶ ይሁን። ማይኩ ካልተሰካ የዩኤስቢ ድምፅ ሞጁሉ ይቀራል። ለድምፅ ብለሽ የሠራሽው ከርነል ማይክሽን አላውቀውም ይልሻል።

ሠርተሽ ስትጨርሺ ቁጥሩን በምን ታረጋግጫለሽ? እዚህ ላይ እኔ ሁለት ሌሊት ከስሬያለሁ። «ጌትኮንፍ ሲኤልኬ_ቲሲኬ» የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ብዙ ቦታ እሱን ጠይቅ ይሉሻል። 1000 አድርጌ ሠራሁ፣ ጠየቅሁት፣ 100 አለኝ። ተሳስቻለሁ ብዬ እንደገና ሠራሁ። 100። ለካ እሱ ለፕሮግራሞች የሚነገር ቁጥር ነው። ውስጡ ምንም ይሁን፣ የቆዩ ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ ተብሎ ወደ ውጭ ሁልጊዜ 100 ይባላል። ትክክለኛውን የምታገኚው ቡት ፎልደር ውስጥ፣ በአዲሱ ከርነል ኮንፊግ ፋይል ላይ «ኮንፊግ_ኤችዜድ» ብለሽ ስትፈልጊ ነው።

መብራቱስ? ቢሄድ ያን ያህል አታልቅሺ። «ሜክ» (ኮምፓይሉን የሚያስኬደው ትዕዛዝ) ያለቀውን አይደግምም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ክረምት ግን እንዲህ ሆነብኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ኮምፓይሉ መጨረሻው አካባቢ ደርሶ፣ መብራት ድርግም። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ያረጀ ስለነበር አብሮ ጠፋ። ጠዋት መብራት ሲመጣ ቀጥል አልኩት፤ ቀጠለ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ሲያያዝ «ፋይሉ ተቆርጧል» ብሎ ቆመ። ሌሊቱን ሲጠፋ መጨረሻ ላይ የተሠሩት ጥቂት ፋይሎች ስማቸው ዲስኩ ላይ ተጽፎ ውስጣቸው ገና አልገባም ነበር። መጠናቸው ዜሮ ነው። «ሜክ» ደግሞ ስማቸውን አይቶ «እነዚህማ አልቀዋል» ብሎ አለፋቸው። ሁሉን አጥፍቼ ከዜሮ ልጀምር ስል ገባኝ። በ«ፋይንድ» መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ባለ«ኦ» ቅጥያ ፋይሎች ብቻ ፈልጌ አጠፋሁና ደግሜ «ሜክ» አልኩ። ቡናው ሁለተኛ ሳይፈላ ጨረሰ።

መጀመሪያ ግን ያን «ኢአርአር» አምድ እዪልኝና፣ «ቋ» ሲል ይጨምር እንደሆነና በፈርሽ ስንት ላይ እንዳለ ጻፊልኝ።